የሙያ ዝንባሌን መለካትና በሥራ መርካት
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

መግቢያ

የሥልጠና ዕድል ወደ አጥቢያ በመጣ ቁጥር ሰበካ ጉባኤው አንድ ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ቦታው ጥቂት፣ የሚጠባበቀው ወጣት ግን ብዙ ነው። ኮሚቴው ዕድሜን፣ የትምህርት ደረጃንና የቤተሰብን ችግር እየመዘነ ስም ይጽፋል። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ልጅ ይህን ሥራ ይወደዋልን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ካልተነሣ ብየዳን የማይወድ ወጣት ብየዳ ተምሮ፣ ሲመረቅ የተሰጠውን መሣሪያ ሸጦ ወደ ቀን ሥራ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቦታ ላይ መሠልጠን የሚመኝ ሌላ ወጣት ደግሞ ዕድሉ አልፎበታል። ስለዚህ የአንድ ሰው ያለ ቦታው መመደብ ሁለት ሰው ይጎዳል ማለት ነው።

ነገሩ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ጎልቶ ይታያል። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ፣ እንዲሁም ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እርሻን መሠረት ያደረገ ኑሮ ያለባቸው ናቸው። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው የኑሮውን ክብደት ያሳያል። የወላጅ መሬት ለልጆች ሁሉ አይበቃም፤ ብዙ ወጣት በሰሊጥ ወቅት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። በትምህርት በኩል ያለው በርም ጠቧል። በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአማራ ክልል በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውም አሉ። እንግዲህ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ወጣት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ወላጅም ልጁን ይዞ በመጀመሪያ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዝንባሌ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ በሥራ ከመርካት ጋር ያለው ግንኙነት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሰበካ ጉባኤም በአቅሙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንመለከታለን።

ዝንባሌ፣ ችሎታና ዕድል

ሦስቱን ነገሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዝንባሌ ሰው ወዶ የሚሳብበት፣ ሳያዙት የሚሠራው ነው። ችሎታ ቢሠራው የሚሳካለት ነው። ዕድል ደግሞ በአካባቢው የሚገኘው ሥልጠና፣ ገበያና መነሻ ገንዘብ ነው። መዘመር የሚወድ ሁሉ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ሁሉም መዘምር መሆን አይመኝም።

ቤተ ክርስቲያናችን ስጦታ የተለያየ መሆኑን ስታስተምር ኖራለች። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ምእመናንን በአንድ አካል ብልቶች መስሎ፣ ዓይንም እጅም እያንዳንዱ የየራሱ አገልግሎት እንዳለው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደምናነበው ባስልኤል የወርቁን፣ የብሩን፣ የዕንቁውንና የእንጨቱን ሥራ እንዲሠራ እግዚአብሔር መንፈሱን የሞላበት ሰው ነበር። የእጅ ጥበብ የመንፈስ ስጦታ ተብሎ ተቈጥሯል። እንግዲህ የልጁን ዝንባሌ መመርመር ስጦታውን መፈለግ እንጂ ልጅን ማሞላቀቅ አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ልምድ

ዝንባሌን ማወቅ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን ወደ ራሳችን ትምህርት ቤት እንመልከት። ተማሪው ንባቡን ከጨረሰ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ዜማ የሳበው ድጓውን ተምሮ ለማስመስከር ወደ ጋይንቱ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የማረከው ወደ ጎጃም ዋሸራ ይሻገራል። ትርጓሜ መጻሕፍትን የመረጠም አለ። በመካከሉ ደግሞ እጁ የሚቀናው ብራና መፋቅ፣ ቁም ጽሕፈት፣ ድጉሰት ወይም ሥዕል ይለምዳል።

ይህን የሚያህል ጉዞ አኮፋዳ ተሸክሞ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚፈጽም ተማሪ ፍላጎቱን በእግሩ አሳይቷል። የኔታም ተማሪያቸውን የሚያውቁት አብረውት ውለው አድረው ነው። ማን ሌሊት ሳይቀሰቀስ ተነሥቶ እንደሚቀጽል፣ ማን ለታናናሾቹ ማስቀጸል እንደሚወድ፣ ማን ከዜማው ይልቅ በብራናው ላይ ሐረግ ሲስል እንደሚውል ያያሉ። ይህ ያለ ወረቀት የተደረገ መለካት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ሱፐር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዝንባሌ የሚታወቅባቸውን አራት መንገዶች ለይቶ ነበር፤ እነርሱም ሰውየው በአፉ የሚናገረው፣ በሥራው የሚታየው፣ በዕውቀት ፈተና የሚገለጠውና በመጠይቅ የሚለካው ናቸው። የኔታ የሚጠቀሙት ሁለተኛውን ነው። ለሰበካ ጉባኤ በቅርብ የሚገኙት የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ስለ ሆኑ ወደ ታች በነዚህ እንሠራለን።

የዘመናዊው ጥናት አመጣጥ

ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1908 ለወጣቶች የሙያ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አቋቋመ። ከሞተ በኋላ በ1909 በታተመው መጽሐፉ ምርጫ በሦስት ነገር ላይ እንዲቆም አስተማረ፤ ራስን ማወቅ፣ ሥራውን ማወቅ፣ ሁለቱን አገናዝቦ መወሰን። ኤድዋርድ ስትሮንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰፊ መጠይቅ አወጣ። የስትሮንግ ዘዴ የወጣቱን መልስ በሥራው ላይ ከቆዩ ባለሙያዎች መልስ ጋር ማነጻጸር ነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ግን የጆን ሆላንድ አከፋፈል ነው። ሆላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምልምል ወታደሮችን ስለ ቀድሞ ሥራቸው ሲጠይቅ የሰዎች ዝንባሌ በጥቂት ወገኖች እንደሚጠቃለል አስተዋለ፤ ሐሳቡንም እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ። ስድስቱን ወገኖች ከአጥቢያችን ሕይወት ጋር እያዛመድን እናቅርባቸው።

1. የእጅ ሥራ ዝንባሌ፦ በመሣሪያ፣ በእንጨት፣ በብረት፣ በአፈርና በእንስሳት መሥራት። አናጺ፣ ግንበኛ፣ በያጅ፣ ገበሬና ንብ አርቢ ከዚህ ይመደባሉ።
2. የምርምር ዝንባሌ፦ ምክንያትን መፈለግ፣ ማስላት። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ ሲያወጣ የሚደሰት ተማሪ፣ የእንስሳትን በሽታ ለማወቅ የሚጓጓ ወጣት ምሳሌ ናቸው።
3. የኪነ ጥበብ ዝንባሌ፦ ዜማ፣ ቅኔ፣ ሥዕል፣ ጥልፍ፣ አዲስ ነገር ማውጣት።
4. ሰውን የማገልገል ዝንባሌ፦ ማስተማር፣ ማስታመም፣ ማጽናናት። መምህር፣ ነርስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከዚህ ናቸው።
5. የመምራትና የንግድ ዝንባሌ፦ ማሳመን፣ መሸጥ፣ ሰው ማስተባበር።
6. የሥርዓትና የመዝገብ ዝንባሌ፦ ሒሳብ መያዝ፣ ዕቃ መቊጠር፣ ሰነድ ማደራጀት። ጥሩ ሒሳብ ሹምና ንብረት ክፍል ከዚህ ይወጣሉ።

ማንም ሰው በአንድ ወገን ብቻ አይገኝም፤ በሁለት ወይም በሦስት ይበረታል። ደግሞም ይህ አከፋፈል የተሠራው በአሜሪካ ነው። ራውንድስና ትሬሲ እ.ኤ.አ. በ1996 የብዙ አገሮችን መረጃ ሲመረምሩ በስድስቱ ወገኖች መካከል ያለው ዝምድና በሌሎች አገሮች እንደ አሜሪካው ሆኖ እንደማይጸና አግኝተዋል። ስለዚህ መጠይቁን እንዳለ ተርጕሞ በልጆቻችን ላይ መጫን አይገባም። አከፋፈሉን እንደ መመሪያ ይዘን ጥያቄውን ከራሳችን ኑሮ እናወጣለን።

ዝንባሌና በሥራ መርካት ምን ያህል ይገናኛሉ?

ብዙ ሰው «የሚወደውን የሠራ ይረካል» ብሎ ያስባል። ጥናቱ የሚለው ግን ከዚህ ልከኛ ነው። ኬቪን ሆፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱባቸውን 105 ጥናቶች አንድ ላይ መርምረዋል። በዝንባሌና በሥራ መጣጣም እና በሥራ እርካታ መካከል ያገኙት ቁርኝት 0.19 ነው። በዚህ ልኬት 0 ምንም ግንኙነት አለመኖሩን፣ 1 ደግሞ ፍጹም ግንኙነትን ያመለክታል።

በቀላል ስሌት ስንተረጕመው እንዲህ ይሆናል። ሥራቸው ከዝንባሌያቸው ጋር በደንብ ከሚስማማላቸው ወገን 100 ሰዎች ብንወስድ 56 ያህሉ ከመካከለኛው በላይ የረኩ ናቸው። እምብዛም ከማይስማማላቸው ወገን 100 ብንወስድ ደግሞ 44 ያህሉ እንዲሁ ረክተው እናገኛቸዋለን። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ሰፊ አይደለም። ሰው በሥራው የሚረካው በደመወዙ፣ በአለቃው ጠባይ፣ በባልደረቦቹ፣ በቤቱ ሰላምና በሥራው ክብርም ጭምር ነው። የሚወደውን ሥራ ይዞ በበደል የሚያለቅስ አለ፤ ያልመረጠውን ሥራ ይዞ ልጆቹን በማሳደጉ የሚያመሰግንም አለ።

ታዲያ መለካቱ ምን ይጠቅማል? ክሪስቶፈር ናይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የ60 ጥናቶች ምርመራ፣ ዝንባሌ ከሥራ ውጤትና በጀመሩት ከመጽናት ጋር የሚያያዝ መሆኑን አሳይተዋል። ለእኛ ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ወጣቱ ሥልጠናውን እንዳያቋርጥ፣ መሣሪያውን እንዳይሸጥ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ኪሣራ ችሎ እንዲያልፍ ለሥራው ያለው ፍቅር ይደግፈዋል። እንግዲህ ለወላጅ «ዝንባሌው ስለ ተለካ ልጅዎ ደስተኛ ይሆናል» ብለን ቃል አንገባም። ልንል የምንችለው «ያለ ቦታው የመግባቱ አደጋ ይቀንሳል» ነው።

በአጥቢያ ደረጃ እንዴት ይለካል?

በሦስት ደረጃ እንዲፈጸም እንመክራለን።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ማሳየት። ሰው ያላየውን አይወድም። ፋርማሲም የሶላር ዝርጋታም አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ሁለቱ ቢጠየቅ መልሱ ግምት ነው። ስለዚህ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ወጣቶቹ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወጥተው በአናጺው፣ በልብስ ሰፊው፣ በሞባይል ጠጋኙና በእህል ነጋዴው ዘንድ ጥቂት ሰዓት ይዋሉ፤ የባለሙያውን ድካምና ገቢ ከራሱ አፍ ይስሙ።

ሁለተኛ፣ መጠየቅ። የሚከተሉት 12 ዐረፍተ ነገሮች ለያንዳንዱ ወጣት ለብቻው ይነበቡለት። «እወደዋለሁ» ካለ 2፣ «መካከለኛ ነው» ካለ 1፣ «አልወደውም» ካለ 0 ይጻፍ። «አይቼው አላውቅም» ካለ ነጥብ አይሰጥ፤ ምልክት ተደርጎበት እንዲያየው ይላክ እንጂ እንደ ጥላቻ አይቈጠርበት።

1. የተሰበረ በር ወይም ወንበር መጠገን።
2. አንድ በሽታ ከብቶችን ለምን እንደሚገድል መመርመር።
3. አዲስ የጥልፍ ወይም የሥዕል ንድፍ ማውጣት።
4. ታናናሽ ልጆችን ፊደል ማስቈጠር።
5. በገበያ ዋጋ ተከራክሮ መግዛትና መሸጥ።
6. የዕድርን ገቢና ወጪ በመዝገብ መያዝ።
7. ዘመናዊ ቀፎ መሥራትና ንብ ማነብ።
8. ከባድ የሒሳብ ጥያቄ እስኪፈታ ድረስ መታገል።
9. ዜማ ማጥናት ወይም ቅኔ መቊጠር።
10. የታመመ ጎረቤትን ማስታመም።
11. ወጣቶችን አስተባብሮ ማኅበር ማቋቋም።
12. ዕቃ ቈጥሮና ለይቶ በየቦታው ማስቀመጥ።

ጥያቄ 1ና 7 የእጅ ሥራን፣ 2ና 8 ምርምርን፣ 3ና 9 ኪነ ጥበብን፣ 4ና 10 ሰውን ማገልገልን፣ 5ና 11 መምራትና ንግድን፣ 6ና 12 ሥርዓትና መዝገብን ይመለከታሉ። የያንዳንዱ ወገን ከፍተኛ ነጥብ 4 ነው።

ሦስተኛ፣ ከኑሮው ጋር ማስተያየት። የንስሐ አባቱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊና ወላጆቹ «ሳይታዘዝ ምን ሲሠራ ታገኙታላችሁ?» ተብለው ይጠየቁ። በመጠይቁ የተገኘውና በሥራው የታየው ሲገጥሙ መልሱ ይታመናል። ሲለያዩ ግን ቁጥሩን ከማመን በፊት ወጣቱን ደግሞ ማነጋገር ይገባል።

ለምሳሌ አንዲት ወጣት እናስብ። በእጅ ሥራ 4፣ በሥርዓትና መዝገብ 3፣ በኪነ ጥበብ 1 አገኘች። ቤተሰቧ ለልብስ ስፌት አስመዝግቧታል። እናቷ ሲጠየቁ «የወንድሟን ሬዲዮ ፈትታ ትገጥማለች» ይላሉ። ኮሚቴው ስፌቱን ሊከለክላት አይገባም፤ ነገር ግን የሞባይል ወይም የሶላር ጥገና ቦታ ካለ እንድታየው ማድረግ ይገባዋል። ካየች በኋላ ስፌቱን ከመረጠችም ምርጫው የራሷ ነው።

ይህ መጠይቅ ለውይይት መነሻ እንዲሆን የተዘጋጀ እንጂ በብዙ ሰው ላይ ተፈትኖ የጸና መለኪያ አይደለም። ስለዚህ በ1 ነጥብ ልዩነት አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ፈጽሞ አይገባም።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች

መልስን ከሚያዛቡት ነገሮች የመጀመሪያው ችግር ነው። ሥራ አጥቶ የከረመ ወጣት የቀረበለትን ሁሉ «እወደዋለሁ» ሊል ይችላል፤ እንዳይቀርበት ይፈራልና። ስለዚህ መጠይቁ የምርጫው መስፈርት አለመሆኑ፣ መልሱም ዕድሉን እንደማይከለክለው አስቀድሞ ይነገረው።

ሁለተኛው ነቀፋ ነው። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭን፣ ፋቂንና ሸክላ ሠሪን የማዋረድ ልማድ በአገራችን ሥር ሰድዶ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ከአርብ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩት በባለ እጆች ነው። ሆኖም ዛሬም ብረት ማቅለጥ የሚወድ ልጅ ሰው ፊት ቢጠየቅ ላይናገር ይችላል። መጠይቁ ለብቻ የሚደረገው ስለዚህ ነው። ካህናትም ጻድቁ ዮሴፍ አናጺ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበሩ በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ፣ አንድን መጠይቅ ከማስተካከል የበለጠ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ለሴቶችና ለወንዶች ሥራን አስቀድሞ መክፈል ነው። ለሴት ልጅ ስፌትና የጸጉር ሥራ፣ ለወንድ ልጅ ግንባታና ብየዳ ብቻ ከተዘረዘረ መለኪያው ገና ሳይጀመር ተወስኗል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ።

አራተኛው ዕድሜ ነው። የሰው ዝንባሌ በልጅነት ይለዋወጣል፤ ወደ 20 ዓመት ገደማ ሲደርስ ይበልጥ እየጸና ይሄዳል። የ14 ዓመት ልጅ መልስ በዓመቱ ተመልሶ ይጠየቅ እንጂ ዕድሜ ልኩን እንዲወስን አይደረግ።

ከሥልጠና በኋላ

ዝንባሌን ለክቶ እርካታን አለመጠየቅ ዘር ዘርቶ አዝመራውን አለማየት ነው። የሠለጠኑት በ6 ወርና በ1 ዓመት አራት ጥያቄ ይቅረብላቸው። በሥራህ ምን ያህል ረክተሃል (ከ1 እስከ 5)? ገቢው ይበቃሃል? ዛሬ ብትመርጥ ይህንኑ ትመርጥ ነበር? የሚያስቸግርህ ምንድን ነው? መልሱ ከመጀመሪያው መጠይቅ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጥ፤ ምስጢሩም ይጠበቅ። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ሰበካ ጉባኤው የራሱ የሆነ መረጃ ይኖረዋል። እርካታ ያጡት ዝንባሌያቸው ያልተስማማ ሆነው ከተገኙ ምርጫችንን እናስተካክላለን። ዝንባሌያቸው ተስማምቶ ገበያ ያጡ ከሆኑ ግን ጉድለቱ የእነርሱ አይደለም፤ በመነሻ ገንዘብ፣ በመሥሪያ ቦታና በገበያ ትስስር መድከም ይገባናል።

ለሰበካ ጉባኤ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ጊዜ ለሥልጠና የላክናቸው ወጣቶች ዛሬ በምን ሥራ ላይ ናቸው? በሠለጠኑበት የጸኑት ስንት ናቸው?
2. በአጥቢያችን ወጣቶች ሊያዩአቸው የሚችሉ ባለሙያዎች እነማን ናቸው? ማንስ ይጋብዛቸዋል?
3. በአካባቢያችን የሚናቅ ሙያ አለን? እኛስ በንግግራችን አስተዋጽኦ አድርገናልን?
4. በአጥቢያችን ያሉ የአብነት ተማሪዎች ከትምህርታቸው ጋር ሊይዙት የሚወዱት የእጅ ሥራ ተጠይቀው ያውቃሉን?

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ወጣቱን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው። መክሊቱን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ መክሊቱ ሳይታወቅ እንዳይቀበር መርዳት ግን የእኛ ድርሻ ነው። በሚቀጥለው የሥልጠና ምዝገባ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር